ቅዳሴ ሦስት ሰዓት ቆሜ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ እናንተስ?

በር_ጥግ_ቋሚ · እሑድ፣ ከቀኑ 7፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። አሁን ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው። ሽሮዬ እሳት ላይ ነው፤ እስኪንተከተክ ድረስ የከረመብኝን ነገር ልጻፍላችሁ።

34 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሑድ አልቀርም። እናቴ በሕይወት ሳለች እጄን ይዛ ትወስደኝ ነበር። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ፤ አሁን ብቻዬን እሄዳለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ በወንዶች በኩል በሩ ጥግ እቆማለሁ። ቦታዬ ነው፤ እዚያ ሌላ ሰው ቆሞ ካገኘሁ እንኳ ቅር ይለኛል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሰው ሲሰግድ እሰግዳለሁ፤ ሰው ሲያማትብ አማትባለሁ። ግን ግእዙ አይገባኝም። መጀመሪያ እግሬ ይደክማል፤ ከዚያ ሐሳቤ ይሄዳል። ዛሬ ቅዳሴው መሐል ላይ ራሴን ያገኘሁት የመሥሪያ ቤቱን ደመወዝ ስደምር ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስብከቱ ይገባኛል፤ ጥሩም ነው። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ግን አንዱም ቃል አብሮኝ የለም። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ደስ ይለኛል፤ እውነቱን ልናገርና ደስ የሚለኝ ስላለቀ ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ እኔ ብቻ ነኝ ወይ እንዲህ የምሆነው? ሁለተኛ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን ታደርጋላችሁ? «ሌላ ቤተ እምነት ሂድ» የሚል መልስ እባካችሁ ይቅርብኝ።

ሄዋን_የቀበና · እሑድ፣ 8፡05

ብቻህን አይደለህም። እኔ ደግሞ ልብስ አያለሁ። የሰው ሐበሻ ቀሚስ ጥለት እየቆጠርኩ ቅዳሴው ያልቃል።

እውነት_ብቻ · እሑድ፣ 8፡20

የማይገባህን ቋንቋ ስትሰማ ምን ጠብቀህ ነበር? በሚገባህ ቋንቋ ወደሚዘመርበት፣ ቃሉ ወደሚሰበክበት ሂድ። አለቀ።

ሄዋን_የቀበና · እሑድ፣ 8፡22

ሰውዬው ይቅርብኝ ያለውን አንብበህ ነው የመለስከው?

አስተባባሪ · እሑድ፣ 8፡40

ወገኖች፣ የጠየቀውን መልሱለት። ቤተ እምነት ማነጻጸር የምትፈልጉ ለዚያ ሌላ ክር ክፈቱ።

ዲያቆን_ዘቆሎ_ተማሪ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እናትህን ነፍስ ይማር።

ደመወዝ መደመርህ አያስደንቀኝም። እኔ ጽና (የዕጣን ማጠኛ) ይዤ መቅደስ ውስጥ ቆሜ እራት ምን እንደምበላ ያሰብኩበት ቀን አለ። የአብነት ተማሪ ነበርኩ፤ እራት ያኔ ትልቅ ጉዳይ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የቅዳሴ መጽሐፍ ገልጠህ ታውቃለህ? የአብዛኛው እትም አቀማመጥ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን ነው። በየአንቀጹ መጀመሪያ ላይ አጭር ምልክት አለ፤ ይ.ካ. ካለ ካህኑ ይበል ማለት ነው፣ ይ.ዲ. ካለ ዲያቆኑ፣ ይ.ሕ. ካለ ሕዝቡ። ይ.ሕ. የሚለውን እየቆጠርክ ሂድ። ብዙ ነው! ያ ሁሉ ያንተ ድርሻ ነው። አንተ ግን ዝም ብለህ ስለቆምክ ድርሻህን ከፊት ያሉት እናቶች ሲሸፍኑልህ ኖረዋል።

ሁሉን ባንድ ቀን አትጀምር። ለመጪው እሑድ አራት ብቻ ያዝ።

ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ» በል። አቤቱ ይቅር በለን ማለት ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ብለህ መልስለት፤ ሰላም ሲሉህ ዝም አይባልም። «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለት ነው፤ የሕዝቡ መልስ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ነው፣ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን። (የኔ ልብ ስንቴ እራት ጋ እያለ ይህን እንዳልኩ እሱ ያውቃል።) አራተኛው «በከመ ምሕረትከ አምላክነ ወአኮ በከመ አበሳነ» የሚለው ነው። አምላካችን ሆይ፣ እንደ ምሕረትህ ይሁን እንጂ እንደ በደላችን አይሁን። እሱን ምንም አልጨምርበትም፤ ራስህ በለው።

ቅዳሴው ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። ሥርዓተ ቅዳሴው አለ፣ ከዚያ ፍሬ ቅዳሴው ይመጣል። ፍሬ ቅዳሴው በ14ቱ ቅዳሴያት ይለያያል፤ የሐዋርያት አለ፣ የእመቤታችን አለ፣ የባስልዮስ፣ የአትናቴዎስ፣ ሌላም። ጠዋት ስትገባ አንዱን አገልጋይ «ዛሬ የማን ነው የሚቀደሰው?» ብለህ ጠይቅ። ገጹን ካላወቅህ መጽሐፉ ራሱ ጫካ ነው።

አንድ የማልደብቅህ ነገር አለ። ቅዳሴ ማዕድ ነው፤ መጨረሻው ቁርባን ነው። አብዛኞቻችን ሕፃን ሳለን ቆርበን ከዚያ እስከ ሽምግልና እንጠፋለን። ሰው ግብዣ ቤት ሦስት ሰዓት ቆሞ ሳይበላ ቢወጣ ባዶ ሆኜ ተመለስኩ ማለቱ ይገርማል? የንስሓ አባት ከሌለህ ከዚያ ጀምር። እሱን ግን እዚህ አደባባይ ላይ አንወያይበትም፤ ከሳቸው ጋር ጨርሰው።

ሳምሶን_ዘአያት · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ዲያቆን፣ ጥሩ ብለሃል። ግን እስኪ እኔም የሆዴን ልናገር። ዛሬ የሁዳዴ ሦስተኛው እሑድ፣ ምኩራብ ነበር አይደል? ጌታ ሻጭና ለዋጩን ከቤተ መቅደስ በጅራፍ ያስወጣበት ወንጌል ነው የተነበበው። ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው ምስባክም «እስመ ቅንዓተ ቤትከ በልዓኒ»፣ የቤትህ ቅናት በላኝ የሚል ነው። እኛ ጋ ወንጌሉ ተነቦ፣ ስብከቱ አልቆ፣ ወዲያው ዐውደ ምሕረቱ ላይ የጃንጥላ ጨረታ ተጀመረ። አርባ ደቂቃ! «ሃምሳ ሺህ አንደኛ፣ ሃምሳ ሺህ ሁለተኛ...» እኔ እኮ ለሕንፃው እሰጣለሁ፤ መስጠት አልጠላም። ግን በዚች ዕለት እንኳ?

የሐዋሳ_ቆንጆ_ወንዝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡44

ሃሃ ወንድሜ፣ ሐዋሳ ወንዝ የላትም እንዳትሉኝ፤ ስሙን ያወጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ለመከራከር አልመጣሁም። ጨረታ የለንም እንጂ መባ ሦስት ዙር የሚሰበሰብበት እሑድ አለን።

ከላይ «በሚገባህ ቋንቋ» ለተባለው ግን ከቤታችን ሆኜ ልመስክር። እኔ ጋ ሁሉም በአማርኛ ነው፤ ሁሉም ይገባኛል። መዝሙሩ በባንድ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ደረት ይመታል። እጄን አነሣለሁ፣ አለቅሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኜ ሰኞ ሰኞ እንዳንተው ባዶ ነበርኩ። አንድ እሑድ መብራት ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያው ሞተ። በዚያች ቅጽበት ምንም እንዳልቀረልኝ ገባኝ። ሲያስለቅሰኝ የኖረው ኪቦርዱ ነበር እንዴ አልኩ። ስለዚህ መግባባቱ ብቻውን አላዳነኝም።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ በደርግ ጊዜ የመሠረተ ክርስቶስ አባል ነበረች። ቤተ ክርስቲያኗ በ1974 ስትዘጋ ሕንፃም፣ መድረክም፣ እሑድም አልቀረላቸውም። በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር፤ ቡና ተፈልቶ፣ በሩ ተዘግቶ። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነበር። «ከንፈራችን ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው» ትላለች። ግማሾቹ ሰው እንዳይጠራጠር በተለያየ ሰዓት ገብተው በተለያየ ሰዓት ይወጡ ነበር። ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ቤተ ክርስቲያኗ ከተዘጋችበት ጊዜ ብዙ እጥፍ በዝታ ተገኘች። እናቴን ያንን ጊዜ ትናፍቂዋለሽ ወይ አልኳት። «ፍርሃቱን አልናፍቅም፤ ሹክሹክታውን ግን» አለችኝ።

ስለዚህ አሁን ረቡዕ ረቡዕ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰባት ሰዎች እንሰበሰባለን። ሰባኪ የለም፤ ድምፅ ማጉያም የለም። አንድ ክፍል እናነባለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ የምንጠይቀው አንድ የታመመ ወይም የተቸገረ ሰው እንመርጣለን። እሑድንም አልተውኩም። ረቡዕ ስላለች እሑድን ከአቅሟ በላይ መጠየቅ አቆምኩ።

እውነት_ብቻ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡02

አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነህ?

የሐዋሳ_ቆንጆ_ወንዝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ከእናቴ ጋር።

የሌሊት_ተረኛ · ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡30

ነርስ ነኝ፤ አሁንም ተረኛ ላይ ነኝ። ከአራት እሑድ ሁለቱን ሆስፒታል ነው የማሳልፈው። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ እንደ ቅጣት ነበር የማየው።

የምሠራበት ክፍል አጠገብ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚህ ሰዓት የሰዓታት ጸሎት ሲቆም በድምፅ ማጉያው ይሰማኛል። የሰዓታት መጽሐፍን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መሆናቸውን ያወቅሁት በቅርብ ነው። ስድስት መቶ ዓመት ሆኖታል እኮ! አንድ ሰው ያኔ ጽፎት ሌላ ሰው ዛሬ ሌሊት ተኝቼ ልደር ሳይል ያደርሰዋል፤ እኔ ደግሞ ግሉኮስ እየቀየርኩ እሰማዋለሁ። ቃሉ ሁሉ አይገባኝም። ግን በዚህ ሰዓት የነቃሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ይሰማኛል።

ሥራዬ ጸሎቴ ነው ማለት ይቀላል። ብዙ ሰው ይለዋል። እኔ ስደክም እቆጣለሁ፤ አስታማሚ ላይ እጮኻለሁ። ስለዚህ አንዲት ነገር ለራሴ ደነገግሁ። ከአልጋ ወደ አልጋ ስሄድ የበሽተኛውን ስም ከካርዱ አይቼ «ማረው» ወይም «ማራት» እላለሁ፤ በሆዴ። ከዚያ ነው የምነካው። አሥራ ስምንት አልጋ፣ አሥራ ስምንት ስም። «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» የሚለው ቃል እንደ ሥራ መዘርዝር ሆኖልኛል። ዛሬ 11 ቁጥር ሽማግሌ «ምን ትያለሽ በከንፈርሽ?» ሲሉኝ አፈርኩ።

ስሜት_አይደለም · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ክሩን ሁሉ አነበብኩት። ሁላችሁም ስለ «ተሰማኝ አልተሰማኝም» ነው የምታወሩት። አምልኮ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ ለኛ መዝናኛ አይደለም። ቁም፣ ስገድ፣ ወደ ቤትህ ሂድ። ተሰማህ አልተሰማህ ማን ጠየቀህ?

የመንታ_እናት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡48

ወንድሜ፣ ልጆች የሉህም መሰለኝ።

እኔ ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች ይዤ ነው የምሄደው። አንዱ ጫማውን ሲያወልቅ ሌላው የሰው ጫማ ያደርጋል። ቅዳሴውን የምሰማው ከግቢው ዛፍ ሥር ነው። «ቁም፣ ስገድ» ትላለህ፤ ለመስገድ ጎንበስ ስል ጀርባዬ ላይ ይወጣሉ። ተሰማሽ ወይ ብትለኝ መስማት ራሱ አልቻልኩም! ሆኖም ባለፈው አንዷ ልጄ ቤት ውስጥ አሻንጉሊቷን ደርድራ፣ የኔን ነጠላ ለብሳ፣ «ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን» ስትል አገኘኋት። ስንት ጊዜ እንደሚባል አታውቅም፤ ራት እስኪቀርብ ቀጠለች። ከየት ሰማች? ከዛፉ ሥር።

ማታ ማታ ደግሞ ስናስተኛቸው አባታቸው «አባታችን ሆይ» ይላል፤ እነሱ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ይከተላሉ። «በሰማያት የምትኖር» ሲል እነሱ «ኖር!» ይላሉ፣ እንግዳ የገባ ይመስል። የኛ የሳምንቱ አምልኮ እሱ ነው።

ስሜት_አይደለም · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

እሺ። «ኖር» አሸነፈኝ።

ዓርብ_እሑዴ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

ከዱባይ ነው የምጽፈው፤ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እናንተ እሑድ ሦስት ሰዓት ቆምን ስትሉ ቀናሁባችሁ። አትቀየሙኝ።

ከዚህ በፊት አራት ዓመት ሪያድ ነበርኩ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለም። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ አላየሁም፤ ደወል አልሰማሁም። የያዝኩት አንዲት ትንሽ ውዳሴ ማርያም ነበረች፤ በልብስ መሐል። ውዳሴዋ ለሰባቱ ቀን የተከፋፈለች ናት፤ የሰኞ ሰኞ፣ የማክሰኞ ማክሰኞ ትደገማለች። እኔ ግን ማንበቢያ ሰዓት አልነበረኝም። ስለዚህ በስልኬ ድምፁን ጫንኩና ልብስ ስተኩስ በአንድ ጆሮዬ እሰማት ጀመር። ሁለተኛው ጆሮ ለእመቤቲቱ ነው፣ ስትጠራኝ እንድሰማ። እስከ ዛሬ ሸሚዝ ስተኩስ የማክሰኞው ክፍል ነው በአፌ የሚመጣው። ማክሰኞ የሸሚዝ ቀን ነበር።

ሌላው ጾም ነው። ጾም ሕንፃ አይፈልግም፤ ፈቃድም አይጠየቅበትም። ሁዳዴን 55 ቀን ጾምኩ፤ መጀመሪያ ለማንም አልተናገርኩም። እመቤቲቱ ወተት ያለው ሻይ ስትሰጠኝ ሁለት ሳምንት ሰበብ ስፈጥር ከረምኩ። በኋላ «ሳይማ ነሽ?» አለችኝ፤ ጾመኛ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። አዎ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት አላቀረበችልኝም። በነሱ ረመዳን እኔም ፊቷ አልበላም ነበር፤ ሳንነጋገር ተግባባን።

ዱባይ ስመጣ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ። ያኔ የሁሉም እረፍት ዓርብ ስለነበር ሰው የሚሰበሰበው ዓርብ ነበር፤ ስሜም ከዚያ ነው። በ2022 በፈረንጆቹ እረፍቱ ወደ ቅዳሜና እሑድ ዞረ። የኔ እመቤት ግን አሁንም ዓርብን ነው የምትሰጠኝ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ምን እንደተባለ አላስታውስም። ዕጣኑን ብቻ ነው የማስታውሰው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የማላውቃት ልጅ ነጠላዋን አካፈለችኝ።

በር ጥግ ያለኸው ወንድሜ፣ የቆምክባትን ጥግ አንድ ጊዜ ስለኔም ተሳለምልኝ።

ሄዋን_የቀበና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡41

ጥለት መቁጠር አቆማለሁ። በቃ።

የእማሆይ_ልጅ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የምትናገረው ግን አያቴ ናት። ክሩን አነበብኩላት፤ «ጻፊ» አለችኝ። እንዳለችው አድርጌ ነው የማሰፍረው።

«ልጄ በር ጥግ የቆምከው፤ ከቅዳሴ በኋላ ወዴት ነው የምትሮጠው? ሽሮ እሳት ላይ ልትጥድ? ሰንበቴ የለህም? እኛ ሰንበቴ የጀመርን ጊዜ አሥራ ሁለት ሆነን ነበር፤ ዛሬ በሕይወት ያለነው አራት ነን፤ ቀሪው ልጆቻቸው ናቸው። ተራ የደረሰው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ቄሱ ይባርኩታል። መጀመሪያ ለነዳያን ይቆረሳል፤ ከዚያ እኛ እንቀምሳለን። ጠላው ቢቀጥን ይታማል እንጂ አይመለስም። በ21 ደግሞ የማርያም ጽዋ አለን፤ እሱ በየቤታችን ነው።

ይኸ የመብላት ነገር እንዳይመስልህ። አንድ ጊዜ ወይዘሮ እገሊት ሁለት እሑድ ቀረች። ሦስተኛውን ሳንጠብቅ ሄድን፤ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ብቻዋን አልጋ ላይ ነች። ጎረቤት አላወቀም። እኛ በምን አወቅን? ጽዋው በሷ ተራ ስለነበር! የማኅበር ትርፉ ይኸ ነው፤ ስትቀር ይታወቃል። አንተ በሩ ጥግ ብትቀር ማን ያውቃል?»

እዚህ ጋ ዝም አለች። ከዚያ «ይበቃዋል፤ ቡናው ሊገነፍል ነው» አለች።

በር_ጥግ_ቋሚ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እማሆይን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ማንም አያውቅም። እውነት ነው።

ካሳንቺስ_11_ሰዓት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ሰው ሁሉ የነካውን አልደግምም፤ ተግባራዊ ነገር ብቻ። ወንድማችን ቢሮ ሠራተኛ ከሆነ በሥራ ቀን ሁለት ቀዳዳ አለው። ጠዋት የኪዳን ጸሎት ይደርሳል፤ ከቅዳሴ በጣም ያጥራል። አድርሰህ ሥራ ትገባለህ። ማታ ደግሞ ብዙ አጥቢያዎች 11 ሰዓት ላይ የሠርክ ጉባኤ አላቸው፤ ትምህርቱ በአማርኛ ነው፣ ሰውም ከሥራ ልብሱ ጋር ነው የሚመጣው። በሁዳዴ የሥራ ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ እሱ ለኛ አይመችም፤ ፈቃድ ከጠየቅህ ግን አንድ ቀን ሞክረው። ሰው የሌለበት ቅዳሴ ሌላ ነገር ነው።

ሳምሶን_ዘአያት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡52

በስልክ መከታተልስ? በ2012 በኮሮና ጊዜ ሕማማቱን ከቤት በቴሌቪዥን ነው ያየነው። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ስንፍና ሲጫነኝ እንደዚያው አደርጋለሁ።

ካሳንቺስ_11_ሰዓት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡01

ያኔ ተገደን ነው። አሁን ግን ሶፋ ላይ ሆነህ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲልህ ትነሣለህ? የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው።

ሳምሶን_ዘአያት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡03

አልነሣም። ተይዣለሁ።

በር_ጥግ_ቋሚ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡10

ተመልሻለሁ። ዛሬ የሁዳዴ አራተኛው እሑድ፣ መጻጉዕ ነበር። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጽሐፉን ገዛሁ። ጠዋት አንዱን ዲያቆን የማን እንደሚቀደስ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ገጹ ጠፋብኝ። ግንባሬን አላበኝ። እዚያ ጥግ ላይ ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቆሙ ሽማግሌ አሉ። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል፤ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ተለዋውጠን አናውቅም። መጽሐፉን ሳገላብጥ ሲያዩኝ ወደኔ ጠጋ ብለው ተሰጥዎውን (የሕዝቡን መልስ) ከፍ አድርገው ይሉልኝ ጀመር፤ እንድከተላቸው። እኔም በየመሐሉ ያገኘኋትን ቃል እየያዝኩ ገባሁ።

«ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲባል ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ እጅ እንደሚነሣሣ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። ዛሬ አማርኛውን አየሁት፤ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ነው የሚለው። ቀና ስል ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ይጠብቁኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ጎንበስ ሲሉልኝ ነበር፤ እኔ ለግድግዳው ነበር የምሰግደው።

«ወአኮ በከመ አበሳነ» ላይ ስንደርስ፣ ዲያቆን፣ ምንም አልጨምርም ማለትህ ገባኝ።

ከወጣን በኋላ ዛፉ ሥር ያዙኝ። «ልጄ፣ ይህ መጽሐፍ አማርኛውም አለበት?» አሉኝ። አለበት አልኳቸው። ሰውየው ተሰጥዎውን ከልጅነታቸው ጀምረው በቃላቸው ይሉታል፤ ትርጉሙን ግን ግማሹን በግምት ነው የያዙት። ፊደል ማየት ዓይናቸው አይችልም። «እስኪ ያቺን አንብብልኝ» አሉ። ሁለት ገጽ አነበብኩላቸው። አንዱ ላይ ሲደርሱ «እንዲህ ነው እንዴ የምለው!» ብለው ሳቁ።

የዛሬው ወንጌል ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ነው፤ «ሰው የለኝም» ያለው። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዓርብ እሑዴ፣ ጥጓን ተሳልሜልሻለሁ።

ዓርብ_እሑዴ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30

አሜን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በር_ጥግ_ቋሚ · እሑድ (ደብረ ዘይት፣ የሁዳዴ አምስተኛው እሑድ)፣ ከቀኑ 8፡20

ዛሬ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። እግሬ አመመኝ፤ የቤት ኪራይም አሰብኩ። ሐሙስ ለኪዳን ልሄድ ብዬ ተኝቼ አረፈድኩ። ማክሰኞ ግን ሄጄ ነበር፤ ሰባት ሰው ነበርን።

ከቅዳሴው በኋላ ለሽማግሌው ሦስት ገጽ አነበብኩላቸው። የአጥቢያው ሰንበቴ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነው፤ እሳቸው ናቸው ይዘውኝ የገቡት። ጠላው ቀጥኗል፤ ለእማሆይ ንገሪልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በትልልቅ ፊደል የታተመ ቅዳሴ የት ይገኛል? በመነጽር ራሳቸው ሊሞክሩ ፈልገዋል።

ካሳንቺስ_11_ሰዓት · እሑድ፣ ከቀኑ 8፡35

አራት ኪሎ ወዳሉት የመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫዎች ሂድ። ከመግዛትህ በፊት አንድ ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክላቸው፤ ፊደሉን አይተው ይምረጡ።

የእማሆይ_ልጅ_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡02

አያቴ «ጌሾው አንሶ ነው፤ ተራው የማን ነበር?» እያለች ነው።